የሚሰበር ሁሉ አዲስ

ቢሮ ውስጥ «እመት ለምን» ይሏታል። ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ስሟ ስለማይመጥናት ነው። ሊፍቱ ሲበላሽ ሌላው ሰው እያጉረመረመ ደረጃውን ይወጣል፤ እሷ ግን እዚያው ቆማ ለምን እንደተበላሸ ጥበቃውን ታደርቀዋለች። አለቃዋ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ያዞረ ጊዜ ምክንያቱን እስክታገኝ ድረስ ምሳዋ አልወረደላትም። አመል ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል! እንጀራዋም የተጋገረው በዚሁ አመሏ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለውን የሰማ ሰው ሥራዋን ገና ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ሥራዋ የአደራ ሥራ ነው። መንግሥት ወላጅ የሌላቸውን፣ ወይም ወላጅ እያላቸው አብረው መኖር ያልቻሉትን ልጆች ራሱ ማሳደግ ሲያቅተው (አቅቶኝ ነው ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም) ለግል ድርጅቶች በውል ይሰጣል። ድርጅቱ ቤት ያዘጋጃል፣ አሳዳጊ ይቀጥራል፣ ልጆቹን ያኖራል። ውሉ ደግሞ እንዲህ እንደ ዋዛ አይምሰላችሁ። የአልጋው ስፋት፣ የመታጠቢያው ውሃ ሙቀት፣ የበሩ እጀታ ከፍታ ሳይቀር ተጽፎበታል። እመት ለምን እየዞረች ወረቀቱን ከቤቱ ጋር ታመሳክራለች። ልክ ከሆነ ውሉ ይታደሳል። ካልሆነ ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆቹም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይበተናሉ።

ያን ጠዋት የሄደችበት ቤት ውሉ ሊያልቅበት የተቃረበ ነበር። ከጎማ ጥገና ቤቱ ጀርባ፣ ቁልፍ ከሚቀርጸው ሰውዬ ሱቅ ፊት ለፊት ያለ ረጅም ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ልጆቹ «አባባ» የሚሏቸው ሽማግሌ ዘበኛ በሩን ከፈቱላት። የቤቱ ኃላፊ ደግሞ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። እሷን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት፤ ልጆቹም፣ ቁልፍ ቀራጩም፣ በዕድሜ አባቷ ሊሆኑ የሚችሉት ዘበኛ ሳይቀሩ።

«እንኳን ደህና መጡ። ቤቱ ያው እንደሚያውቁት ነው» አለች እትዬ።

«እናያለን» አለች እመት ለምን።

አዩ። አልጋው ልክ ነው። መድኃኒቱ ተቆልፎበታል። የእሳት ማጥፊያው ቦታው ላይ ተሰቅሏል። ውሃውን በቴርሞሜትር ለካችው፤ እሱም ልክ። እትዬ ከኋላዋ እየተከተለች በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ትንፋሽ ታወጣ ነበር፤ ሰው ሲፈተሽ ቤቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሆዱ መፍራቱ አይቀርም። እመት ለምን ግን መመገቢያው ክፍል ስትደርስ ቆመች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ፊቱ ላይ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ ገና አልተላጠም ነበር።

«አዲስ ሰዓት» አለች።

«አዎ፣ አዲስ ነው» አለች እትዬ፣ በጣም ቶሎ።

ከዚያ ወዲያ እመት ለምንን ማን ይያዛት! የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት አዲስ ነው፤ የሱቁ ምልክት ጥጉ ላይ አለ። ብርጭቆዎቹ አዲስ ናቸው። የኮሪደሩን መስኮት ማጣበቂያ በአውራ ጣቷ ጫን ብትለው እንደ ሊጥ ሰረጎደ፤ አልደረቀም። የውሃ ማንቆርቆሪያው ጆግ ወፍራም መስታወት ሆኖ ያብረቀርቃል። ሌላው ዕቃስ? የበሩ ምንጣፍ መሐሉ አልቆ ወለሉ ይታያል። መጋረጃው በሁለት ዓይነት ክር ተሰፍቷል። ድስቶቹ ጎባብጠዋል። አንደኛው ወንበር እግሩ በሽቦ ታስሮ ነው የቆመው።

ኮሪደሩ መሐል ቆማ ነገሩን በሆዷ አብሰለሰለችው። የሚሰበር ሁሉ አዲስ፣ የማይሰበር ሁሉ አሮጌ። እንዲህ ያለ ቤት አይታ አታውቅም። ሀብታም ቤት ቢሆን ወንበሩንም ይቀይር ነበር። ድሃ ቤት ቢሆን በተሰነጠቀ ብርጭቆ ይጠጣ ነበር። ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ?

በዚያ ላይ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ውሉ፣ በቤቱ ውስጥ ጉዳት ሲደርስ ወይም ንብረት ሲሰበር በማግስቱ ለቢሮው በጽሑፍ ይገለጽ ይላል። ሌሎቹ ቤቶች በየሳምንቱ ይልካሉ። ከዚህ ቤት ግን ክረምቱን ሙሉ አንድም አልመጣም። ልጆች የሚኖሩበት ቤት ነው እንግዲህ። መላእክት እንኳ አብረው ቢኖሩ ክንፋቸው አንድ ሳህን ሳይጥል ክረምት ይወጣል?

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዘበኛው ነው።

«አባባ፣ ይቺ መስኮት ምን ሆና ተቀየረች?»

«ነፋስ ነው ልጄ።»

«ነፋስ?»

«ኧረ ኃይለኛ ነፋስ!» አሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ።

እመት ለምን ጎንበስ አለች። ከመስኮቱ ሥር ከውጭ በኩል፣ አፈሩ ውስጥ የመስታወት ስብርባሪ ያብለጨልጫል። «አባባ፣ ነፋሱ ከቤት ውስጥ ወደ ውጭ ነው እንዴ የነፈሰው?»

ሽማግሌው ስብርባሪውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «ነፋስ አይደል ልጄ? የት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ ማን ያውቅለታል» ብለው በሩን የሚያንኳኳ ሰው ያለ ይመስል ወደ በሩ ተጣደፉ። ማንም አላንኳኳም።

ከእሳቸው ቀጥላ ማዕድ ቤት ገባች። ምግብ አብሳይዋ ክብ ፊት ያላት፣ ስትናገር በማንኪያዋ አየር የምትቀዝፍ ሴት ናት።

«ሰዓቱ ምን ሆኖ ነው?»

«አረጀ። ወደ ኋላ ይሄድብን ነበር። እራት ላይ ሆነን እሱ ምሳ ነው ይላል።»

«መስታወቱስ?»

«እሱም አረጀ።»

«መስታወት ያረጃል እንዴ?»

«አያረጅም ይላሉ? ባየሁበት ቁጥር እኮ አሮጊት ነበር የሚያሳየኝ!»

እመት ለምን ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። «ብርጭቆዎቹስ?»

«ብርጭቆማ ይተዉት! ላይኛው መደርደሪያ ላይ ብንደብቃቸው እንኳ ወንበር አስጠግታ ታወር…» አለችና ማንኪያዋን አፏ ላይ አደረገች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይሄ ነው።

«ማን ናት የምታወርደው?»

«ድመቷ።»

«ድመት አላችሁ?»

«ነበረችን» አለች ምግብ አብሳይዋ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል።

ወንበር የምታስጠጋ ድመት! እመት ለምን ወደ እትዬ ተመለሰች። እትዬ ከሁለቱ ይልቅ የተሻለ ተዘጋጅታ ነበር። «ዕድሳት ነው። ውል ሊታደስ ሲል ቤት ይታደስ የለም እንዴ?» አለች። ጥሩ መልስ ነበር። ጆሮዎቿ ግን ቀልተው ነበር።

«ዕድሳት ከሆነ ይሄ ወንበር በሽቦ ታስሮ ለምን ቀረ?»

እትዬ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እመት ለምን ፊት ግን ዝምታም ይነቅዛል።

የዚያን ቀን ትምህርት ግማሽ ቀን ነበርና ልጆቹ እኩለ ቀን ላይ ገቡ። ቦርሳ ተወረወረ፣ ጫማ ተወለቀ፣ ቤቱ ባንድ ጊዜ ሞላ። ከሁሉም ኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ገባች፤ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ቦርሳዋን አልወረወረችም። ግድግዳውን ተጠግታ የሰዉን ሁሉ ፊት አንድ በአንድ ቃኘች።

«እሳቴ፣ ነይ ተቀመጪ» አለቻት እትዬ።

እመት ለምን ልጅቷን አወቀቻት። ማን የማያውቃት አለ? ቢሮው ውስጥ ስሟ ሲነሣ ሰው ጭንቅላቱን ይዞ ነው። ወደዚህ ቤት ከመምጣቷ በፊት አራት ቤት ገብታ ከአራቱም ተመልሳለች። ውሉ ላይ ድርጅቶቹ እንደ እሾህ የሚፈሩት አንድ አንቀጽ አለ፤ የተላከላችሁን ልጅ አልቀበልም አትሉም፣ የተቀበላችሁትንም አትመልሱም ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ግን የጓሮ በር አለው። በአንድ ልጅ ላይ የተጻፈው የጉዳት ሪፖርት በአንድ ዓመት ከአምስት ካለፈ ድርጅቱ ከግዴታው ነፃ ይወጣል። አራቱም ቤቶች በዚያች በር ነው ያስወጧት። ቶሎ ቶሎ ጽፈው፣ አምስቱን አልፈው፣ ደኅና ሁኚ። ልጅቷ ትነሣለች፣ መኪና ይመጣል፤ እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው።

ሾርባና ዳቦ ቀረበ። እመት ለምን ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ልጆቹን ታያለች። እሳቴ ደግሞ እሷን ታያታለች። ከዚያ ልጅቷ ተነሣች። መሐል ጠረጴዛ ላይ የነበረውን አዲሱን ጆግ በሁለት እጇ አነሣችው። ውሃ ልትቀዳ ነው ብለው ብርጭቆ የዘረጉላት ልጆች ነበሩ። እሷ ግን እመት ለምንን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ሳትቸኩል፣ እጆቿን ከፈተች።

ጆግ ሲሰበር እንዴት እንደሚጮህ አልነግራችሁም፤ ሁላችሁም አንድ ቀን ሰብራችኋል።

«እኔ ነኝ! ክርኔ ነክቶት ነው!» አለች እትዬ። ቆማ የነበረችው በሩ ጋ ነው። ከዚያ እስከ ጠረጴዛው የሚደርስ ክርን የተፈጠረለት ሰው የለም።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! እጀታው ቅባት ነበረበት፣ ሳላጥበው!» እያለች ምግብ አብሳይዋ ከማዕድ ቤት ብቅ አለች።

በመስኮቱ በኩል ደግሞ የዘበኛው ድምፅ መጣ። «ነፋስ ነው!»

ጉድ ፈላ! ከልጆቹ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ እመት ለምንም ልትስቅ ከንፈሯን ነክሳ ያዘች። እሳቴ ግን አልሳቀችም።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ የሰበርኩት! ሰዓቱንም እኔ ነኝ! መስታወቱንም እኔ! መስኮቱንም በጫማ መትቼ እኔ! ለምን አትጽፉትም? ለምንድነው የማትጽፉት?»

እመት ለምን ተነሥታ እጇን ዘረጋችላትና በጓሮ በር ይዛት ወጣች። የጓሮው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልብስ መስጫው ገመድ ላይ የልጆች ካልሲ በረድፍ ተሰጥቷል።

«ለምን ሰበርሽው?» አለቻት። ሕይወቷን ሙሉ የጠየቀችው ጥያቄ ነው፤ እንደዚያን ቀን ግን በለሆሳስ ጠይቃው አታውቅም።

«ለማየት።»

«ምን ለማየት?»

«መቼ እንደሚመልሱኝ።»

እመት ለምን ወደ እሷ ጠጋ አለች።

«ሌሎቹ ጋ ቶሎ ነበር» አለች ልጅቷ። «አንድ ነገር ስሰብር ይጽፋሉ። ሲጽፉ እቆጥራለሁ። ከዚያ ያልቅና መኪናው ይመጣል፣ አውቀዋለሁ። እዚህ ግን ማታ እሰብራለሁ፣ ጠዋት ስነሣ አዲሱ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። ልክ እንዳልሰበርኩት! አንድ ቀን እኮ የእውነት ሰብሬው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እግሬን ባልቆረጠኝ ኖሮ አብጃለሁ ነበር የምለው።»

«አልተቆጡሽም?»

«ማንም! እትዬ ምንም አልሆነም ነው የምትለኝ። ሆኗል እኮ! ተሰብሯል እኮ!» በመዳፏ አፍንጫዋን ጠረገች። «የማትመልሰኝ ውሉ ስለማይፈቅድላት ነው፤ አውቃለሁ። የድሮዎቹም ውሉ እስኪፈቅድላቸው ነበር የሳቁልኝ። እርስዎ ውሉን ያውቁታል አይደል? ይንገሩኝ። ውሉ ባይኖር ትመልሰኝ ነበር?»

እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል። ይቺ ልጅ አራት ጊዜ ተነድፋ፣ አሁን ሰው ሲስቅላትም ትደነግጣለች። እመት ለምን አንቀጾቹን በልቧ አገላበጠቻቸው። የበር እጀታው ከፍታ አለ፤ የአልጋው ስፋት አለ። ይሄ የለም።

«ውሉ ላይ የለም» አለቻት።

«የት ነው ያለው ታዲያ?» አለች ልጅቷ።

እመት ለምን ተነሣች። ልጅቷን እዚያው እንድትጠብቃት ነግራ ገባች።

እትዬ ቢሮ በምትላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ምግብ አብሳይዋ ከጎኗ ቆማለች። አባባም በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተዋል። ሦስቱም ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ሆነዋል፤ ደግሞም ፍርድ ነበር። ጉዳት መደበቅ ውል ያፈርሳል። ውሉ ከፈረሰ ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆቹ ይበተናሉ፣ እሳቴም ወደ ስድስተኛው በር ትሄዳለች።

«ለምን ደበቃችሁት?»

እትዬ ማልቀስ ጀመረች። «ከአምስት ካለፈ ይወስዷታላ! አንዱን ጻፍን እንበል፣ ሁለተኛውን ጻፍን። ከዚያስ? አምስቱ እኮ በሁለት ሳምንት ነው ያለቀው! ስድስተኛውን የምንጽፍ ቀን መጥታችሁ ትወስዷታላችሁ።»

«ማን ነው የሚወስዳት?»

«እናንተ!»

«ማን አለሽ?»

«ማን ይበለኝ? ሁልጊዜ አይደል የምትወስዱት?» አለች እትዬ፣ እንባዋም ንዴቷም አንድ ላይ እየወጡ።

እውነቷን ነው፣ ሁልጊዜ ይወስዳሉ። ግን ለምን? እመት ለምን ያን ሁሉ ዓመት ስለ ሊፍትና ስለ ጠረጴዛ ስትጠይቅ ይህን አንዴም አልጠየቀችም። ውሉን አወጣችና አንቀጹን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ሪፖርቱ ከአምስት ሲያልፍ ድርጅቱ ከግዴታው ነፃ ነው፤ ልጁ እንዲነሣ ወይም እንዲቆይ መፈለጉንም ይጠየቃል። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ይወሰዳል የሚል ቃል የለበትም። እስከዛሬ የተጠየቀው ሁሉ «ይነሣልን» ስላለ ብቻ ሰው ሁሉ ሕጉ እንደዚያ ይመስለው ነበር። እሷም ጭምር፣ መጠየቅ ሥራዋ የሆነችው!

«ትቆይልን ማለት ይቻላል?» አለች ምግብ አብሳይዋ።

«ብሎ የሚያውቅ የለም እንጂ ይቻላል።»

«ወይ አምላኬ!» አለች እትዬ፣ ራሷን ይዛ። «እንግዲያው ለምን ዋሸን?»

«ይሄን እኔ ልጠይቅ እንጂ!» አለች እመት ለምን፤ አሁን ተቆጥታለች። «ያዳናችኋት መስሏችሁ ልጅቷን ልታሳብዷት ነበር። የሰበረችውን አልሰበርሽም ስትሏት፣ የለሽም ያላችኋት ነው የመሰላት።» ከዚያ ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ ቀጠለች። «ስሙኝ። የፍተሻውን መዝጊያ ቃለ ጉባኤ ገና አልፈረምኩም። ሳልፈርም በፊት በራሳችሁ አንደበት ያመናችሁት የዘገየ ሪፖርት ነው እንጂ መደበቅ አይባልም። ማስጠንቀቂያ ግን አይቀርላችሁም። ውሉም እንደ ወትሮው ለሦስት ዓመት ሳይሆን ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚታደሰው። በሚመጣው ዓመት ደግሞ እኔው እመጣለሁ።»

«ይሁን፣ የሥራችን ነው» አለች እትዬ።

«ልጅቷም ትገኛለች።»

እትዬ ልትከራከር አሰበችና ተወችው። እሳቴን ጠሯት። ገብታ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀች። እትዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።

«ሰዓት። የመታጠቢያ ቤት መስታወት። አንድ ብርጭቆ…»

«ስድስት ነው» አለች ልጅቷ።

«ስድስት ብርጭቆ። መስኮት።»

«ሁለት መስኮት። የአባባ የጥበቃ ክፍልም አለ፣ በሩ ጋ ያለው።»

«እሱንስ እውነት ነፋስ መስሎኝ ነበር!» አሉ አባባ ከመስኮቱ፣ ከልባቸው ተገርመው።

እንዲህ እያሉ እስከ ጆጉ ደረሱ። እመት ለምን እስክርቢቶዋን አስቀመጠችና ቀና አለች። «ከአምስት አልፏል። እትዬ፣ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ግዴታ የለብሽም። ውሉ አይይዝሽም፣ ቢሮውም አያስገድድሽም፣ ማንም አይወቅስሽም። እንግዲህ ልጠይቅሽ። ትነሣ ወይስ ትቆይ?»

እትዬ ግን መልሱን ለጠያቂዋ አልሰጠችም፤ ዞራ ልጅቷ ላይ አፈጠጠች።

«ያ ሰዓት የአባቴ ነበር» አለች። «ሲሞት የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው። ስብርባሪውን ስለቅም ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? በመስኮቱ ብርድ ገብቶ ትንሾቹ ልጆች ጉንፋን ይዟቸው ሰነበተ። ተናድጄብሻለሁ! አንጀቴ እስኪያር ነው የተናደድኩብሽ! ፊቴን እያሳመርኩ ምንም አልሆነም ስልሽ ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር!»

ምግብ አብሳይዋ «ኧረ በፈጠረሽ» ብላ ክንዷን ያዘቻት፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸ መስሏታል። እመት ለምን ግን ልጅቷን እያየች ነበር። የልጅቷ ትከሻ ቀስ እያለ ወረደ።

«ተናደሽ ነበር?» አለች እሳቴ።

«በጣም!»

«እና?»

«እና ምን እና? ትቆያለች!» ብላ እትዬ ጠረጴዛውን መታችው። «ትቆያለች፣ ጻፊው! በደንብ አድርገሽ ጻፊው! ልጄ ናት፣ ወዴት ነው የምትነሣው?»

እመት ለምን ጻፈችው። እንዲህ ያለ መልስ ጽፋ ስለማታውቅ የት ቦታ እንደሚሞላ መፈለግ ነበረባት። ዓይኗም ትንሽ ደብዘዝ ብሎባት ነበር፤ አልቅሰሻል ብትሏት ግን አታምንላችሁም።

«ነገ ብሰብርስ?» አለች እሳቴ።

«እቆጣሻለሁ፤ አንቺ ትጠርጊዋለሽ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«እቆጣሻለሁ፤ አንቺ ትጠርጊዋለሽ።»

«ትልቅ ነገር ብሰብርስ?»

«በጣም እቆጣሻለሁ፤ አብረን እንጠርገዋለን» አለች እትዬ፣ አሁን ድምፅዋ ቀጥኖ።

ልጅቷ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። ግድግዳውን ደገፍ አለች።

የቀረው የመዝጊያው ሥርዓት ነበር። ውሉ ቃለ ጉባኤው በተገኙት ሁሉ ፊት በድምፅ ይነበብ ይላልና እመት ለምን ወረቀቱን አንሥታ ከላይ ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ምግብ አብሳይዋ እጅጌዋን ጎተተቻት። ዞር ብላ አየች። እሳቴ አግዳሚው ላይ ጥቅልል ብላ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ በጠራራ ቀን ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። እትዬ የራሷን ሹራብ አውልቃ አለበሰቻት። ልጅቷ አልነቃችም፤ እግሯን ብቻ ዘርጋ አደረገች።

እመት ለምን ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች። በድምፅ ይነበብ ነው የሚለው፤ በምን ያህል ድምፅ እንደሆነ አይልም። ድምፅዋን ወደ ሹክሹክታ አወረደችና ካቆመችበት ቀጠለች። አባባ ከመስኮቱ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «አልሰማም እኮ» ሲሉ፣ እትዬና ምግብ አብሳይዋ እኩል ዞረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ምንም ሳይሰሙ፣ እስከ መጨረሻው ቆመው አዳመጡ።